ለሣር የተሠራ ቁም ሣጥን፦ ከሰኔ እስከ ጥር የያዝሁት የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

ፈተናው ታርሞ አለቀ፤ የባዮሎጂ ክፍሉ ቁልፍ ለክረምቱ እኔ ዘንድ ቀረ። ከክፍሉ ጥግ በሩ የተገነጠለ አንድ ቁም ሣጥን አለ፤ ለዓመታት የተሰበረ ማይክሮስኮፕና የደረቀ ቀለም ሲያጠራቅም የኖረ። ክረምቱን የምደክመው ለእሱ ነው። የአካባቢያችንን ሣሮች ለቅሜና አድርቄ በወረቀት ላይ እየለጠፍሁ ላስቀምጥበት አስቤያለሁ። በአንድ ወረቀት አንድ ሣር ይሆናል፤ ከግርጌው ከየት እንደ ተነቀለ፣ የቦታው ከፍታ ስንት ሜትር እንደ ሆነ፣ ሰዉ ምን ብሎ እንደሚጠራውና ምን እንደሚሠራበት ይጻፋል።

ነገሩን የቆሰቆሰው የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ነው። "የምታውቋቸውን አምስት የሣር ዓይነቶች ጻፉ" የሚል ጥያቄ አስገብቼ ነበር። "አረንጓዴ ሣር፣ ደረቅ ሣር፣ ረጅም ሣር፣ አጭር ሣር" የሚል መልስ ደጋግሞ መጣ። አንዱ ልጅ አምስተኛውን "የኳስ ሜዳ ሣር" ብሎ ሞላው። ስቄ ስቄ ቀይ እስክሪብቶውን አስቀመጥሁና ራሴን ፈተንሁ። ሰርዶ፣ ሙጃ፣ ሰንበሌጥ፣ ስንደዶ፣ አክርማ፣ ጓሳ፣ ጠጅ ሣር። ሰባት ላይ ደረቅሁ። ይህ እንግዲህ አስተማሪው ነው። በየቀኑ የምበላውን እንኳ አልቆጠርሁም፤ ጤፍም፣ ስንዴም፣ ገብስም፣ ማሽላም፣ በቆሎም፣ ዳጉሳም፣ ሸንኮራ አገዳም፣ ቀርከሃም ከሣር ወገን ናቸው።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መድበል ሰባተኛ ቅጽ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፤ ያዘጋጀችው ሲልቪያ ፊሊፕስ ናት። ያን የሚያህል መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ስለ ሣር ብቻ ይናገራል፤ በውስጡ 600 የሚያህሉ ዝርያዎች አሉ። ፎቶ ኮፒው እጄ ላይ አለ። ከ600 ሰባት።

ሐምሌ 3

የሣር ማድረቂያውን ሠራሁ። ከተሰበረ አግዳሚ ወንበር ሁለት ሳንቃ፣ በመካከላቸው ካርቶንና አሮጌ ጋዜጣ፣ ዙሪያውን ሁለት የሱሪ ቀበቶ። ቀበቶዎቹ የእኔ ናቸው፤ ክረምቱን ሱሪዬን በሲባጎ አስራለሁ።

ለቆጠራው ደግሞ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ካሬ አሠራሁ። ካሬው የሚያርፍበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው ከሰፈራችን በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ ውስጥ ነው፤ እዚያ ከብት አይገባም። ሁለተኛው ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ባለው የወል ግጦሽ ላይ ነው፤ እዚያ ከብት የማይገባበት ቀን የለም። ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ስጠይቅ አንድ አባት ጆሯቸውን ወደ እኔ አስጠግተው "ምን ልቆጥር ነው ያልኸው?" አሉኝ። ደገምሁላቸው። "ይቁጠር፣ ምን ይጎዳል" ብለው ለሌሎቹ አስተላለፉልኝ።

ሐምሌ 9

ዛሬ ሁለት ሰዓት ሙሉ በዝናብ ተንበርክኬ የቆጠርሁት ነገር ቢኖር ጉልበቴ ላይ የገባውን ውኃ ነው። ሁሉም ቅጠል ብቻ ነው። ዛላ የለም፣ አበባ የለም። ሣር ካልዘለቀ፣ ማለትም ዛላ ካላወጣ፣ ስሙን አይናገርም፤ መጽሐፉ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ስለ ዛላው ይጠይቀኛል፣ እኔ ቅጠል ይዤ አፈጥበታለሁ። ሁለት ወር ቀድሜ መጥቻለሁ።

ባዶ እጄን ግን አልተመለስሁም። ቅጠሉ ከአገዳው በሚላቀቅበት ቦታ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ እንደ ሽንኩርት ገለፈት የሳሳች አንዲት ሽፋን አለች። በማጉያ መነጽር ሳያት በአንዱ ሣር ነጭ ስስ ቆዳ ሆና ቆማለች፤ በሰርዶው ላይ ደግሞ ቆዳ መሆኗ ቀርቶ የአጫጭር ፀጉር ረድፍ ናት። ዛላ እስኪወጣ ድረስ የምለያቸው በዚህች ነው። በደብተሬ ላይ "ባለ ቆዳ" እና "ባለ ፀጉር" ብዬ ሁለት ዓምድ ከፈልሁ።

ሐምሌ 24

ሻገተ። አሥራ አንዱም ወረቀት። ጋዜጣውን በየቀኑ መቀየር ሲገባኝ በሦስተኛው ቀን ቀየርሁ፤ የሐምሌ ደብረ ብርሃን ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ እንኳን ሣር ሰውም ያሻግታል። ቀበቶውን ስፈታ አረንጓዴ አቧራ ቦነነብኝ። ሁሉንም ጣልሁና ማድረቂያውን ወደ ማእድ ቤት፣ ከምጣዱ ግድግዳ አጠገብ አዛወርሁት። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ ግን ወፍራም ነው።

ነሐሴ 5

ትንሽ ሙከራ። ከግጦሹ ዳር ባለው ተዳፋት ላይ፣ ከብት ረግጦ ባራቆተው ቦታ ላይ አምስት ሊትር ጀሪካን ውኃ ቀስ ብዬ አፈሰስሁ። ውኃው ቡና መስሎ እስከ ጫማዬ ወረደ። ሁለት እርምጃ አልፌ በሰርዶ ምንጣፍ ላይ ያንኑ ያህል አፈሰስሁ፤ አብዛኛው እዚያው ሰመጠ፣ ያመለጠውም ጠርቶ ነው የመጣው። ከዚያ ሰርዶውን በአካፋ ጫፍ ገለጥ አድርጌ አየሁት። ከላይ ሁለት ጣት የማይሞላ ሣር ከሥር እንደ ተቋጠረ ሲባጎ ተያይዟል፤ በየአንጓው ሥር ሰድዶ አፈሩን ጨምድዶታል። ከብት ጫፉን ሲግጠው የማይሞተውም ለዚህ ነው፤ የሣር የማደጊያ ቦታ ከታች፣ ከመሬት አጠገብ ስለሆነ ጥርስ አይደርስበትም። አህያ "እኔ ከሞትሁ ወዲያ ሰርዶ አይብቀል" ያለችው ምን ያህል ከንቱ ምኞት እንደ ነበር ዛሬ ገባኝ። እርግማን ሰርዶን ቢገድለው ኖሮ ገበሬው ከእርሻው ለማጥፋት ያን ያህል ባልደከመ።

ነሐሴ 13

ሙጃ ዘለቀ። የመጀመሪያው ሙሉ ወረቀቴ እሱ ነው። ከትምህርት ቤቱ የቆሻሻ ጉድጓድ ዳር ደረቴ ድረስ ደርሷል። ለከብት ጥሩ ነው፣ ልጆች በማጭድ እያጨዱ ወደ ቤት ይሸከሙታል፤ ስንዴ ውስጥ ሲገባ ግን ያው ሣር የገበሬው ራስ ምታት ነው። አንዱን ሣር መኖ ብሎ ሌላውን አረም ማለት የሚቻለው የቆሙበት ቦታ ከታወቀ ብቻ ነው።

ነሐሴ 28

ካሬዬን በሁለቱም ቦታ ጣልሁ። አብዛኛው ዘልቋል። ቅጽር ግቢው ውስጥ ሰባት ዓይነት ሣር አገኘሁ። ግጦሹ ላይ ዘጠኝ።

ደግሜ ቆጠርሁ። ዘጠኝ ነው። የጠበቅሁት ተቃራኒውን ነበር፤ የተከለለው ቦታ እንዲበልጥ ፈልጌ እንደ ነበርም አልክድም፤ ለተማሪዎቼ የምነግረውን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር። ቅጽሩ ውስጥ ሁለት ረጃጅም ሣሮች፣ ጋጃና ስንደዶ፣ ሌላውን ከላይ ሆነው ጋርደውታል፤ ከሥራቸው ብርሃን የለም፣ ያለፈው ዓመት ደረቅ ቅጠል እንደ ፍራሽ ተነጥፏል። ግጦሹ ላይ ከብቱ ረጅሙን እያሳጠረ ለድንክዬዎቹ ቦታ ይለቅላቸዋል። ነገር ግን ከዘጠኙ አራቱን የለየሁት በዚያች ገለፈት ብቻ ነው፤ ዛላ ለማውጣት ጊዜ አላገኙም። ዘር የማይጥል ሣር ዘንድሮ ቢቆጠርም ለከርሞ ያለው ዋስትና ከመሬት የያዘው ሥር ብቻ ነው። ቅጽሩ ውስጥ ግን ጋጃው ዘሩን በነፋስ ሲበትን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ እጽፋለሁ፤ ከጎኑ "ስንቱ ዘለቀ" የሚል ዓምድ እጨምራለሁ። በዚያኛው ዓምድ ሰባት ለአምስት ነው።

ጳጉሜን 6

ነገ አዲስ ዓመት ነው። የሰፈሩ ሴቶች ልጆች እንግጫ ነቅለው ሲመለሱ ከመካከላቸው ሁለቱ ተማሪዎቼ ናቸው፤ ሣር እንደምለቅም ሰምተው ኖሮ አንድ እፍኝ ሰጡኝ። "መምህር፣ ለቁም ሣጥንዎ" አሉኝ። ወስጄ አገዳውን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል እንዲያንከባልሉት ነገርኋቸው። አይንከባለልም፤ ሦስት ማዕዘን ነው። አንጓም የለውም። የሣር አገዳ ክብ ወይም ጠፍጠፍ ያለ፣ በአንጓ የተከፋፈለ፣ ብዙውን ጊዜም ውስጡ ክፍት ነው። እንግጫም ለበዓል ቤት የምንጎዘጉዘው ቄጠማም ከሣር ወገን አይደሉም፤ ሌላ ቤተሰብ ናቸው። በአገራችን "ሣር" ብለን እልፍኛችንን የምናለብሰው ሣር ያልሆነውን መሆኑ አስቆኝ ነበር፤ ልጆቹ ግን ቅር አላቸው። ለቁም ሣጥኑ ታችኛ መደርደሪያ "ሣር መስለው ሣር ያልሆኑ" የሚል ክፍል እንደምከፍት ቃል ገባሁላቸው። እንግጫው ቁጥር አንድ ሆኖ ገባ።

መስከረም 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ዛሬ ከሁሉም በላይ የተማርሁበት ቀን ነው፤ ስለዚህ አስረዝመዋለሁ።

የጎረቤቴ እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ ስፌት ይሰፋሉ። ሃያ ሁለት የደረቁ ወረቀቶች ይዤ ሄድሁ። በረንዳቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ወስፌ፣ በጣሳ ውኃ፣ በቀይና በአረንጓዴ የተነከረ አለላ።

"ምን ልትሰፋ ነው፣ መምህር?" አሉኝ ወረቀቶቹን ሲያዩ።

"አልሰፋም እማማ፣ ላስተምርበት ነው።"

"ሳትሰፋው ምኑን ታስተምረዋለህ?"

መልስ አልነበረኝም፤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ከደጃቸው የተነቀለ ስንደዶ አንስተው አሳዩኝ። ዛላውን ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት የላይኛው አገዳ ከሽፋኑ ሲጥ ብሎ ይወጣል፤ ገርጣ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አንጓ የሌለበት አንድ ክንድ የሚሆን ዘንግ። የሚሰፋበት ያ ነው። እኔ በማጉያ መነጽር "የመጨረሻው አንጓ ከዛላው ምን ያህል ይርቃል?" ብዬ ስለካ የሰነበትሁት ለእሳቸው የአንድ መሶብ ዙር ስንት ዘንግ እንደሚፈልግ የሚወስን ጉዳይ ነው። ዘንጉን በጥርሳቸው ሰንጥቀው፣ በውኃ አለስልሰው፣ ወስፌው ባበጀው ቀዳዳ አስገብተው ሳቡት።

"ውስጡስ?" አልሁ። ከውስጥ የሚታጨቀው አክርማ ነው። አክርማውን ሰጡኝና "በጥሰው" አሉኝ። ሁለት ጊዜ ሞከርሁ፤ መዳፌን ቆረጠኝ እንጂ አልተበጠሰም። ይህን ሣር ከብት እንደ ልቡ አይወደውም፤ በተጋጠ መሬት ላይ ጎልቶ የሚታየውም ለዚህ ነው። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አቅርቤ ሳየው በጠርዙ ላይ እዚህና እዚያ ነጫጭ የጥጥ ቁራጭ የመሰሉ ጉንጉን ፀጉሮች ተለጥፈውበታል። የዳጉሳ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አንድ ወገን ናቸው። እማማ ይህን ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው አዩኝና "እንግዲያማ አንዱ ይበላል፣ አንዱ የሚበላውን ይይዛል" አሉ።

ከዚያ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ገለጥሁላቸው። ከሃያ ሁለቱ የዘጠኙን ስም ነገሩኝ። በቀሩት ላይ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ "ይኼማ ሣር ነው።" ሌላ ስም የለውም ማለታቸው ነው። ዘጠኙን ስመለከታቸው ሁሉም በእጃቸው ያለፉ ናቸው፤ የተሰፋበት፣ ቤት የተከደነበት፣ የተጠረገበት፣ ገመድ የተገመደበት። እጃቸው ያልነካው ሣር ስም የለውም።

ይህን ካስተዋልሁ በኋላ የልጆቼን የፈተና ወረቀት በሌላ ዓይን አየሁት። ቤታቸው ቆርቆሮ ነው፤ መሶባቸው በገበያ ክር የተሰፋ ነው፤ ወተቱ ከሱቅ ይመጣል። ሣር በእጃቸው የሚያልፈው ኳስ ሲጫወቱ ነው። "የኳስ ሜዳ ሣር" ብሎ የጻፈው ልጅ እንደ እማማ ነው የመለሰው፤ በሚጠቀምበት ጠራው። ግማሽ ነጥብ ነፍጌው ነበር። መዝገቡን ከፍቼ ጨመርሁለት።

ጥቅምት 15

ቅዳሜ ገበያ። ድርቆሽ ከሚሸጡት አንዱን፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ወረቀቶቼን አሳየኋቸው። ከእማማ ዘጠኝ የሚያውቁት አራቱን ብቻ ነው፤ ነገር ግን እማማ "ይኼማ ሣር ነው" ያሏቸውን አምስት ዓይነት በስም ጠሩልኝ፤ የትኛው ላም ወተት እንደሚያወርድ፣ የትኛው ሆድ እንደሚነፋም አከሉበት። ጋጃን በእጃቸው እያሹ አሸተቱት። ዘንድሮ አጨዳው እንደ ዘገየና ድርቆሹ እንደ ጠጠረ ነገሩኝ፤ ሣር ዘሩን ከጣለ በኋላ የሚታጨድ ከሆነ አገዳ ነው የሚተርፈው። ቶሎ ካጨዱት መኖው ይለሰልሳል፣ ዘሩ ግን መሬት ሳይነካ ገበያ ይወጣል። እሳቸው የሚያውቁት ይህን መካከለኛ ቀን ነው፤ በመጽሐፌ ውስጥ የለም።

አንድ ሸክም ገዝቼ የክፍሉ ወለል ላይ በተንሁት። ከተማሪዎቼ ጋር ዘርዝረን ስምንት የሣር ዓይነት አወጣን፤ ማገጥም ነበረበት፣ እሱ ግን ከባቄላ ወገን ነው። የተረፈውን የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ለላማቸው ወሰዱት። የምርምር በጀቴ በዚህ መንገድ ተበላ።

ኅዳር 6

ወደ ታች ወረድሁ፤ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ። በአንድ ቀን ከገብስ አገር ወደ ጤፍና ማሽላ አገር መውረድ ማለት ነው። ቆም እያልሁ በየከፍታው ለቀምሁ።

ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ይዤ በማጉያ መነጽር ማየት ለምጃለሁ። ከላይ የለቀምኋቸው ብዙዎቹ፣ እነ ጓሳ፣ እነ ስናር፣ ገብሱም ራሱ፣ የቅጠላቸው ደም ሥሮች ራቅ ራቅ ብለው የተሰመሩ ናቸው። ከታች ያሉት፣ ሰንበሌጡ፣ ጤፉ፣ ማሽላው፣ ደም ሥሮቻቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተጠጋጉ ናቸው። ይህ የምግብ አሠራራቸው ልዩነት ነው፤ ሁለተኞቹ በሙቀትና በጠራራ ፀሐይ ውኃ ሳያባክኑ ይሠራሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ብርዱን ይችሉታል። ጤፍ ለምን መንዝ ጫፍ ላይ እንደማይዘራ ለልጆቹ በአንድ ቅጠል ማሳየት እችላለሁ። ሕጉ ግን ንጹሕ አይደለም፤ ስንደዶ፣ ጋጃና አክርማ ከሙቀቱ ወገን ሆነው ሳለ ደብረ ብርሃን ላይ፣ በ2800 ሜትር አካባቢ፣ ውርጭ እየመታቸው ይኖራሉ።

ከአንኮበር በታች ሰንበሌጡ ከእኔ ይረዝማል፤ ደርቆ ቀይ ዳማ ሆኗል። አንዱን ያማረ ዛላ ለመቁረጥ ጎንበስ ስል እግሬ ተንሸራተተ። "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" አለኝ ከኋላዬ የነበረ እረኛ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቢሆን ነው። ክንዴን ይዞ አወጣኝ፤ ከዚያም ያ ዛላ ያረጀ ስለሆነ ሌላ ቆርጦ ሰጠኝ።

ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ሃያ የሚሆኑ የሰንበሌጥ ዘሮች ተሰክተውበታል። እያንዳንዱ ዘር ከጫፉ የሾለ ነው፤ ከኋላው እንደ ጺም ያለ፣ ከመካከሉ የታጠፈ፣ የታችኛው ግማሽ እንደ ገመድ የተገመደ ጭራ አለው። አንዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አንድ ጠብታ ውኃ ጣልሁበት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ጭራው መፈታት ጀመረ፤ ክንዱ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ቆመ፣ እንደገና ዞረ። ሲደርቅ ወደ ኋላ ተመልሶ ተገመደ። ጤዛና ፀሐይ እየተፈራረቁ ዘሩን ወደ አፈር የሚያሽከረክሩት በዚህ መሣሪያ ነው። እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ድረስ አጠጣሁት። ይህ በወረቀት ቁጥር 27 ላይ ተለጠፈ።

ኅዳር 27

ጓሳ፤ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ከጣርማ በር ወደ መሃል ሜዳ በሚወስደው መንገድ። ከ3200 ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋት ጣቴ እስክሪብቶ አልይዝ አለኝ።

እስከ ዛሬ ያየሁት ሁሉ ሣር መሬት ላይ ሲሆን እዚህ መሬቱ ራሱ ሣር ነው። ጉንጉን ጉንጉን ሆኖ እስከ አድማስ ይሄዳል፤ የደረቀውና የለመለመው በአንድ ጉንጉን ውስጥ አብረው ቆመዋል። መንዜዎች ከእሱ ያልሠሩት የለም፦ የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ ፍራሽ፣ እረኛ በዝናብ የሚደርበው ገሳ። ይህን ሁሉ እየሠሩበት ያልጨረሱት ቄሮ በሚሉት የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ስለጠበቁት ነው፤ አጀማመሩ ከ400 ዓመት በፊት ነው፣ የመሬቱ አባቶች አስቦና ጌራ ይባላሉ። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲያገግም ይከፈታል፣ ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገብቶ ያጭዳል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ዛሬ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ይጠብቀዋል።

የጭላዳ መንጋ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ቁጭ ብለው በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ሣሩን በሁለት ጣት እየለዩ ይነቅላሉ፤ አንዱን ይጎርሳሉ፣ ጎኑ ያለውን ይዘሉታል። ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ ያደረገ እሱ ብቻ ነው። ያለ መነጽርና ያለ መጽሐፍ የሚለይበትን ፍጥነት አይቼ ቀናሁ።

ከጥበቃዎቹ አንዱን ለትምህርት ቤት አንድ ጉንጉን ልንቀል ብዬ ጠየቅሁት። ደብዳቤዬን አነበበ፣ ጓሳውን አየ፣ እኔን አየ። "ዛላና ቅጠል ይቁረጡ። ሥሩ አይነቀልም" አለኝ። ስለዚህ የጓሳው ወረቀት ላይ የሥሩ ቦታ ባዶ ነው፤ ከጎኑ "ሥሩ እዚያው ቀርቷል" ብዬ ጽፌያለሁ። ከሁሉም ወረቀቶች የምወደው ይህን ነው።

ታኅሣሥ 9

ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎታል፤ ጥፋቱ ግን ከውስጥ ነው የመጣው። ሣሮቹን የለጠፍሁት በዱቄት ሙጫ ነበር። አይጥ ገብታ አራት ወረቀት በላች፦ ገብሱን፣ ስንዴውን፣ ስናሩንና ዳጉሳውን፣ ከነሙጫው። ከጎናቸው የነበረውን እንክርዳድ አልነካችውም። እንክርዳድ ከስንዴ ጋር ሲቆም እስኪያሸት ድረስ መልኩ አይለይም፤ ዘሩ ከእህሉ ጋር ተፈጭቶ ከተበላ ግን ራስ ያዞራል። አይጧ ይህን ታውቅ እንደ ሆነ ማለት አልችልም፤ ምናልባት ጠግባ ይሆናል።

የተረፉትን ሁሉ ተሸክሜ ወደ እማማ ሄድሁ። ሙጫውን በእርጥብ ጨርቅ አነሡት፤ አገዳዎቹን በቀጭን ክር በየቦታው ወረቀቱ ላይ ሰፏቸው። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። "ይኸው ሰፋሁልህ፣ አሁን አስተምር" አሉኝ ሲያስረክቡኝ።

ታኅሣሥ 24

የቁም ሣጥኑ በር ተገጠመ። ሠላሳ ስምንት ወረቀት ገብቷል። ስምንቱ እህልና አገዳ፣ ሠላሳው የሜዳ ሣር። ከሠላሳው አሥራ ሰባቱ የአማርኛ ስም አላቸው፤ የሰፊዋ፣ የድርቆሽ ሻጩና የጓሳ ሰዎች ስሞች ተደምረው ማለት ነው። ለአሥራ ሦስቱ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ከላቲኑ ተርጉመህ ሙላው ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልሁ። ላቲኑም ቢሆን አይረጋም፤ ስንደዶ በድሮ መጻሕፍት ፔኒሴተም ይባል ነበር፣ አሁን ወገኑ ሴንክረስ ውስጥ ተጠቃሏል። ከድሮ ስሞቹ በአንደኛው ላይ የሺምፐር ስም ተቀጥላ ሆኖ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን ውስጥ ዕፀዋት ሲለቅም ዕድሜውን የጨረሰ ጀርመናዊ ነው። እማማ በዚህ ሁሉ መካከል ስንደዶ ብለው ቀጥለዋል። በመለያው ላይ ሦስቱንም ጻፍሁ፤ ስንደዶን ግን ከላይ።

ጥር 2

ቁም ሣጥኑ ከተከፈተ ሳምንት አለፈው። ወረቀት ቁጥር 27 ተበላሽቷል። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ የሰንበሌጡን ዘር አንድ በአንድ እየነቀሉ ምራቃቸውን እየቀቡ ሲሽከረከር ያያሉ። አሥራ አራት ዘር ነበረው፤ ዛሬ ስቆጥር ሁለት ቀርቷል፣ አንደኛው ጭራ የለውም። ካልሲዬን ፈተሽሁ፤ ታጥቧል። ወደ አንኮበር ሰው ልኬ ነበር፤ ሰንበሌጡ ታጭዶ ክምር ላይ ወጥቷል፣ የቀረው ዘሩን ጥሏል አሉኝ። እስከሚቀጥለው ኅዳር ድረስ ቁጥር 27 ያለ ጺም ይቆያል። የተረፈችውን አንድ ዘር በክብሪት ቤት ውስጥ አድርጌ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌባታለሁ፤ "የኳስ ሜዳ ሣር" ብሎ የጻፈው ልጅ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ጠይቆኛል።